መብራት ጠፍቶም የሚነዝረው በር፦ ለገሃር ያለ የአንድ ቢሮ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ለገሃር አካባቢ አንድ ህንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለ የንግድ ቢሮ፣ ሃያ ምናምን ሰራተኛ አለው፣ ከህዳር መግቢያ ጀምሮ በሩ ሰው መንዘር ጀመረ። በሩ ብቻም አይደለም፣ የፋይል ካቢኔቱ፣ የመስኮቱ ፍሬም፣ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ። ካሸሯ ለደንበኛ መልስ ስትሰጥ ጣት ለጣት ከተነካኩ ጣ ይልና ሁለቱም እጃቸውን ይሰበስባሉ፣ ደንበኛው ይቆጣል፣ እሷ ይቅርታ ትላለች። አንዱ ኮምፒውተርም ሰው ፍላሽ ሊሰካበት ሲል ራሱን ሪስታርት ያደርግ ነበር። ሰው እጀታውን በክርኑ፣ በኮቱ እጅጌ፣ በወረቀት እየያዘ መክፈት ለመደ።

እኔ የህንፃ ኤሌክትሪክ ጥገና ነው የምሰራው፣ የተጠራሁትም ለዛ ነው። ከኔ በፊት ግን ሌላ ሰው መጥቶ አይቶት ነበር። ብዙም ሳይመረምር "ኮረንቲ ወደ በሩ ሊክ አድርጓል" ብሎ ከበሩ ፍሬም እስከ ፓኔሉ ድረስ አረንጓዴና ቢጫ የኧርዝ ሽቦ (ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስድ) ዘርግቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በሩ መንዘሩን አላቆመም፣ እንደውም ባሰበት የሚሉ ነበሩ (ይሄ "ባሰበት" የሚለው ነገር ከንቱ ወሬ እንዳልሆነ በኋላ ታያላችሁ)።

ቢሮው ውስጥ የተያዘው ተጠርጣሪ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው መሳሪያ) ነበር። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አዲስ ትልቅ ዩፒኤስ ገብቷል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መንዘር ተጀመረ፣ ስለዚ ዩፒኤሱ ነው አለቀ ደቀቀ። ስራ አስኪያጁም ለሻጩ ሊመልሱት ደብዳቤ አስፅፈው ጨርሰዋል። ከሰራተኞቹ ደግሞ አንዷ ቢሮው ፀበል ይረጭ ብላ ነበር፣ ሳቁባት፣ ግን እውነቱን ለመናገር እስከዛች ቀን ከቀረቡት ሃሳቦች ሁሉ ወደ መፍትሄው የቀረበችው እሷ ነበረች፣ ለምን እንደሆነ ውሃው ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ጉዳዩን የፈታችው ግን ካሸሯ ናት። ምን ምን ላይ እንደሚነዝራት እየጠየቅኳት እያለ በመሃል "ባለፈው መብራት ጠፍቶ እራሱ ነዝሮኛል እኮ" አለች። ማንም ልብ አላለውም ነበር። መብራት ከጠፋ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ባዶ ነው፣ ባዶ ሽቦ ደግሞ አይነዝርም። በርግጥ ዩፒኤሱ በባትሪ ይሰራ ስለነበር በዚህ ብቻ ነፃ ማውጣት አይቻልም፣ ስለዚ ሰራተኛው ምሳ ሲወጣ ዋናውን ብሬከር ጣልኩት፣ ዩፒኤሱንም አጠፋሁት፣ ጄነሬተሩ እንዳይነሳ ለጥበቃው ለጋሼ ነገርኳቸው። ቢሮው ውስጥ አንድም ቮልት የለም። ከዛ ከስራ አስኪያጁ ክፍል ተነስቼ ኮሪደሩን ቀጥ ብዬ ሄጄ እጀታውን ስነካው ጣ! አለ። ጥሩ አድርጎ ነው የነዘረኝ። በቃ እዚህ ላይ የዩፒኤሱ ክስ ተዘጋ።

ነገሩን ሳይለዩ ሽቦ መዘርጋት ስለበዛ በኮረንቲ ሊክና በስታቲክ (ሰው ወይ እቃ ላይ ተጠራቅሞ የቆመ ኤሌክትሪክ) መሃል ያለውን ልዩነት ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም ሁለቱን ማምታታት በሁለቱም አቅጣጫ ጥፋት አለው። የኮረንቲ ሊክ ከሆነ እቃውን ነክተህ እስከቆየህ ድረስ ይነዝርሃል፣ እንደ መወረር ያለ ስሜት አለው፣ የእጅህን ጀርባ ቀስ አድርገህ ብታሳልፍበት የሚርገበገብ ነገር ይሰማሃል፣ የኛ መብራት 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ነው። እግርህ እርጥብ ከሆነ ወይ ጫማ ካወለቅክ ይብሳል፣ ሊገልህም ይችላል፣ ስለዚ በባዶ እግር አትሞክሩት። ቴስተር ብታስነካው ፏ ብሎ በርቶ ይቆያል። የበሩ ነገር ግን በሁሉም ነገር ግልባጩ ነበር። አንዴ ጣ ይልና አለቀ፣ ወዲያው ደግመህ ብትነካው ምንም የለም፣ ድጋሚ እንዲነዝርህ ከፈለግክ ሄደህ ዞረህ መምጣት አለብህ። እርጥበት ካለ ይጠፋል። ጠዋት ቀለል ይላል፣ ከሰዓት ይብሳል። ደግሞ ሁሉንም ሰው እኩል አይነዝርም፣ ጋሼ በሰባተኛው ፎቅ በኩል በቀን ስንቴ ይመላለሳሉ አንድም ቀን አልነዘራቸውም (የቆዳ ሶል ያለው የድሮ ጫማ ነው የሚያደርጉት)፣ ፅዳት የሚሰሩት እናትም እንደዛው። እንደውም እሳቸው "ልጄ፣ እኔ ወለሉን በእርጥብ መወልወያ ስል ማንንም አይነዝርም፣ ሲደርቅ ነው የሚጀምራቸው" አሉኝ። ከዩንቨርስቲ የወጣ ሰው በሞላበት ቢሮ ሳይንሳዊ ምልከታ ያደረጉት እኚህ ሴትዮ ብቻ ናቸው።

መልቲሜትርም አስገብቻለሁ፣ በበሩና በኧርዙ መሃል ዜሮ ነው ያነበበው። ግን ይሄ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም ተራ መልቲሜትር ስታቲክን መለካት አይችልም፣ ውስጡ ያለው 10 ሜጋ ኦም ገደማ ሬዚስታንስ ሰውነትህ ላይ ያለውን ቻርጅ (የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ) በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ አፍስሶ ይጨርሰዋል፣ ቁጥሩን ሳታየው አልቋል። የሚገርመው ግን ሃምሳ ብር እንኳን የማያወጣ የሚመስለው የኪስ ቴስተር የተሻለ ሰራ። ኮሪደሩን ሄጄ ቴስተሩን እንደወትሮው ጭራውን በጣቴ ይዤ ጫፉን ወደ እጀታው ሳስጠጋ ውስጡ ያለችው የኒዮን አምፖል ብልጭ ብላ ጠፋች፣ እኔን ደግሞ ምንም አልነዘረኝም፣ ምክንያቱም ቴስተሩ ውስጥ ያለው ሬዚስተር ፍሰቱን ያዘገየዋል። አምፖሏ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ኒዮን አምፖል ውስጥ ሁለት ትንንሽ ብረቶች አሉ፣ በተመላላሽ ኮረንቲ ሁለቱም ይበራሉ፣ በአንድ አቅጣጫ ፍሰት ግን የሚበራው በኔጌቲቩ በኩል ያለው ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጨለም አድርገን ስናየው የበራው በእጄ በኩል ያለው ነበር። ማለትም ኔጌቲቭ የሆነው በሩ ሳይሆን እኔ ነኝ። ቻርጁ ከበሩ ወደኔ እየመጣ አልነበረም፣ ከኔ ወደ በሩ እየወጣ ነበር።

ታዲያ እኔ ከየት አመጣሁት?

አሁን ትንሽ ወደ አቶም እንውረድ። ምንጣፉም፣ ጫማዬም፣ እኔም ከአቶም ነው የተሰራነው፣ እያንዳንዱ አቶም መሃሉ ላይ ኒውክለስ አለው፣ ኒውክለሱ ውስጥ ፖዘቲቭ የሆኑት ፕሮቶኖች ቻርጅ ከሌላቸው ኒውትሮኖች ጋር ተጣብቀው ተቀምጠዋል፣ ዙሪያውን ደግሞ ኔጌቲቭ የሆኑት ኤሌክትሮኖች አሉ። የአንድ ኤሌክትሮንና የአንድ ፕሮቶን ቻርጅ መጠኑ እኩል ነው፣ ምልክቱ ብቻ ተቃራኒ፣ ስለዚ ቁጥራቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ተጣፍተው እቃው ኒውትራል ይመስላል። ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ገደማ ይከብዳል፣ ደግሞ ኒውክለሱ ውስጥ የታሰረበት ሃይል በእግር መራመድ የሚፈታ አይነት አይደለም። ውጪኛው ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ግን በቀላሉ የሚነጠቁ አሉ። ስለዚ አንድ እቃ "ፖዘቲቭ ሆነ" ሲባል ፕሮቶን ጨመረ ማለት ሳይሆን ኤሌክትሮን ጎደለው ማለት ነው በአብዛኛው። (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሚለውን ስያሜ ያመጣው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፣ በፈረንጆቹ 1740ዎቹ፣ ኤሌክትሮን ደግሞ የተገኘው በጄ ጄ ቶምሰን በፈረንጆቹ 1897 ነው፣ ፍራንክሊን የትኛው እንደሚንቀሳቀስ ሳያውቅ ነው የሰየመው፣ በሱ ምክንያት ነው ተማሪ ሁሉ እስከዛሬ የኮረንቲ አቅጣጫና የኤሌክትሮን አቅጣጫ ተገላቢጦሽ እየሆነበት የሚቸገረው።)

ሁለት የተለያዩ እቃዎች ሲነካኩ አንዱ ለኤሌክትሮን የበለጠ ስስት አለው። ሲለያዩ ስስታሙ ትርፍ ይዞ ይሄዳል። መፋተግ ግዴታ አይደለም፣ መንካትና መለያየት ይበቃል፣ መፋተግ የሚረዳው ብዙ ቦታ ደጋግሞ ስለሚያነካካ ነው። በዚህ ፀባያቸው እቃዎችን በሰልፍ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ከሚሰጡት ወገን ብርጭቆ፣ የሰው ፀጉር፣ ናይለን፣ ሱፍ፤ መሃል አካባቢ ጥጥ፤ ከሚወስዱት ወገን ፖሊስተር፣ ፌስታል የሚሰራበት ፖሊኢትሊን፣ ፒቪሲ፣ መጨረሻ ላይ የመጥበሻው ቴፍሎን። የዚህ ቢሮ ምንጣፍ ከጀርባው ናይለን ይላል። የአብዛኛው ሰራተኛ ጫማ ሶሉ ሰው ሰራሽ ጎማ ወይ ፖሊዩሪቴን ነው። ናይለን ይሰጣል፣ ሶሉ ይቀበላል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ። ወንበሮቹ ደግሞ ፖሊስተር ጨርቅ የለበሱ፣ ከተቀመጥክበት ስትነሳ ሌላ ዙር።

እዚህ ጋ ብረት ለምን እንዲህ እንደማያደርግ የሚጠይቅ አለ። ብረት ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ነፃ ናቸው፣ ሲነጠቅበት ወዲያው ከሌላ ቦታ ይሞላለታል፣ የሄደውም ይመለሳል። ፕላስቲክ ላይ ግን እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ባለበት አቶምና ሞለኪውል የታሰረ ነው፣ የተነጠቀበት ቦታ ጎድሎ ይቀራል፣ የተቀመጠበት ቦታ ተርፎ ይቀራል። ለዛ ነው ስታቲክ የተባለው፣ የሚሄድበት መንገድ አጥቶ የቆመ ቻርጅ ነው።

መጠኑ ስንት ነው? ቆሞ ያለ ሰው ከመሬት አንፃር ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ የሚሆን ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) አለው። 100 ብለን ብንይዝና ሰውየው 10,000 ቮልት ደረሰ ብንል (ደረቅ ቀን ምንጣፍ ላይ ይሄ ብርቅ ቁጥር አይደለም) ቻርጁ 1 ማይክሮ ኩሎምብ ነው፣ 6 ትሪሊዮን ገደማ ኤሌክትሮን። ብዙ ይመስላል፣ ግን አንድ 70 ኪሎ ሰው ውስጥ ካሉት አቶሞች ጋር ብታካፍሉት ለአንድ ሚሊዮን ቢሊዮን አቶም አንድ ኤሌክትሮን ነው የሚደርሰው። እቺን ታክል ሚዛን መዛባት ነው ጎልማሳ ሰው የሚያስጮኸው። እግር ከምንጣፉ ሲነሳ ደግሞ ካፓሲታንሱ ይቀንሳል፣ ቻርጁ ግን ያው ነው፣ ስለዚ ቮልቱ ይዘላል፣ ከወንበር ስንነሳም ጣ የሚለው በዚህ ነው።

"10,000 ቮልት?! እና አንሞትም?" አለችኝ ካሸሯ ደንግጣ። ቮልት ከፍታ ነው፣ ቻርጅ ደግሞ የውሃው ብዛት፣ ይሄ ከአስረኛ ፎቅ የተደፋ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ማለት ነው አልኳት። ጉልበቱ 5 ሚሊ ጁል ነው። በጣትህ ሲወጣ ለቅፅበት 6 አምፒር ሊደርስ ይችላል፣ ግን ማይክሮ ሰከንድ እንኳን ሳይሞላ ያልቃል። የመብራቱ ኮረንቲ ግን አይቆምም፣ ህይወት አድን የምንለው ብሬከር በ30 ሚሊ አምፒር የሚዘለው ወዶ አይደለም። ለሰው ከ2,000 ቮልት በታች ያለው ስታቲክ ብዙም አይሰማውም። ለኮምፒውተር ግን ሌላ ነው፣ መቶዎች ቮልት ብቻ፣ አንዳንዱ ቺፕ ከዛም ያነሰ፣ ሊበላሽ ይችላል፣ አንተ ምንም ሳይሰማህ። ያ ሪስታርት የሚያደርገው ኮምፒውተር በዚህ ነው፣ እድለኛ ነበር።

አሁን ወደ ኧርዝ ሽቦው። በሩ ቻርጅ ስላልነበረው መሬት ማስያዙ የሚያወጣለት ነገር የለም። ቻርጅ ይዞ የመጣው ሰውየው ነው፣ ሰውየውን ደግሞ ማንም ኧርዝ አላደረገውም። እንደውም መሬት የያዘ ብረት ከሰውየው ላይ ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል፣ ስለዚ "ባሰበት" ያሉት ሰዎች አልዋሹም። ለኮረንቲ ሊክ ቢሆን ትክክለኛ ስራ ነበር፣ ሽቦውንም አላስነሳሁትም፣ ለሌላ ቀን ይጠቅማል።

ለምን ህዳር? ምንጣፉ የተነጠፈው እኮ ነሀሴ ላይ ነው። ሁሉንም ያሳሳተው ይሄ ነበር። በክረምት አየሩ እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ሶሉም ምንጣፉም ላይ በአይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን አለ፣ ውሃው ውስጥ የሟሟ ጨው ነገር ስለማይጠፋ ያ ሽፋን ቻርጁን እያሾለከ ይመልሰዋል፣ ሳይጠራቀም ያልቃል። በጋ ሲገባ ሽፋኑ ይጠፋል። የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች መመሪያ ላይ ደጋግሞ የሚጠቀስ ቁጥር አለ፣ ምንጣፍ ላይ የሚሄድ ሰው የአየሩ እርጥበት ከ65 እስከ 90 ፐርሰንት ሲሆን 1,500 ቮልት፣ ከ10 እስከ 25 ሲሆን ግን እስከ 35,000። ቢሮው ውስጥ እርጥበት መለኪያ አስቀምጠን ነበር፣ ጠዋት 45 አካባቢ፣ ከሰዓት 26። የከሰዓቱ ነገር ደግሞ የህንፃው ጥፋት ነው፣ ግድግዳው በሙሉ መስታወት ሆኖ ወደ ምዕራብ ይመለከታል፣ የህዳር የታህሳስ አዲስ አበባ ጠዋት ውርጭ ነው፣ ያ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ከሰዓት በፀሀይና በኮምፒውተር ሙቀት አስር ዲግሪ ሲሞቅ ያለው ውሃ ሳይቀንስ አንፃራዊ እርጥበቱ (አየሩ ሊይዝ ከሚችለው ውሃ አንፃር ያለው) በግማሽ ይወርዳል። ማታ የሰው ሰራሽ ብርድ ልብስ ስትገልጡ ጨለማ ውስጥ ብልጭ ብልጭ የሚለውም በዚሁ ወቅት ነው፣ ጋቢ ግን ጥጥ ስለሆነ እርጥበት ይይዛል፣ ያን አያደርግም። ከፍታችንም ትንሽ እጁ አለበት፣ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ባህር ዳርቻ ላይ ለአንድ ሚሊ ሜትር 3,000 ቮልት የሚፈልገው ብልጭታ እዚህ ባነሰ ይዘላል።

ፀበሉ ለምን ይሰራ እንደነበር አሁን ገባችሁ።

ከሁሉም እኔን ያሳሰበኝ ግን ምድር ቤት ያገኘሁት ነገር ነው። ለቢሮው ትንሿ ጄነሬተር ቤንዚን ይገዛል፣ የሚመጣው በፕላስቲክ ጀሪካን ነው፣ አንዱ ልጅ ጀሪካኑን ከሰባተኛ ፎቅ እቃ ቤት አንስቶ፣ ያንኑ ምንጣፍ ረግጦ፣ በሊፍት ወርዶ፣ በላስቲክ ማንቆርቆሪያ ጄነሬተሩ ላይ ይገለብጣል። የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር በልኩ ከተቀላቀለ ለመቀጣጠል ከአንድ ሚሊ ጁል ሩብ ያነሰ ይበቃዋል። እላይ ያሰላነው ጣት 5 ሚሊ ጁል ነው የያዘው፣ ሃያ እጥፍ። በር ላይ የሚያስቅ ነገር እዚህ ጋ አያስቅም። ጀሪካን እቃ ቤት መቀመጥ እንዲቀር፣ ሲሞላ መሬት ላይ ተቀምጦ እንጂ በእጅ ወይ በመኪና ላይ ተይዞ እንዳይሆን፣ ከመክፈቱ በፊት ልጁ በባዶ እጁ ከክዳኑ ራቅ ያለ መሬት የያዘ ብረት እንዲነካ፣ ጄነሬተሩም ጠፍቶ እንዲቀዘቅዝ ተነጋገርን። ለዚህ ማንም አልተከራከረኝም።

ለበሩ የተደረገው እንዲህ ነው። የኮሪደሩ ምንጣፍ ተነሳ፣ ስሩ ያለው ሴራሚክ ነበር፣ ግማሹ ችግር እዛው ቀረ። የቀረው ምንጣፍ ላይ የልብስ ማለስለሻ በብዙ ውሃ በጥብጠው በሳምንት አንዴ በመርጫ ይረጫሉ፣ ማለስለሻ እርጥበት የሚስብ ስስ ሽፋን ይተዋል፣ ግን ሰው በረገጠው ቁጥር ይለቃል፣ ከተረሳ መንዘሩ ይመለሳል፣ ሲረሳ አይተነዋል። የካሸሯ ወንበር የጥጥ ልብስ ተደረገለት። እርጥበት የሚረጭ ማሽን እንግዛ የሚል ሃሳብ ነበር፣ ለሙሉ ፎቅ የሚበቃው ውድ ሆነና ተተወ። በተረፈ ሁሉም ሰው በሩን ከመንካቱ በፊት ቁልፉን ጠበቅ አድርጎ ይዞ በቁልፉ እንዲነካ ነገርኳቸው፣ ብልጭታው ቁልፉ ጫፍ ላይ ይሆንና እጅ ላይ ሰፋ ብሎ ስለሚያልፍ አያምም። ካሸሯ መልስ ከመስጠቷ በፊት የካዝናውን ብረት በቁልፏ ነካ ታደርጋለች፣ ደንበኛ መቆጣቱ ቆሟል።

ዩፒኤሱ አልተመለሰም። ስራ አስኪያጁ ግን የራሳቸው ክፍል ምንጣፍ አይነሳም ብለዋል፣ ክፍሉን ያሳምረዋል አሉ፣ እና እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ከወንበራቸው ተነስተው ካቢኔቱን በነኩ ቁጥር ይነዝራቸው ነበር።